«ደወል ስድብ ነው» ላለው ሰውዬ

ፔዳል 22፦ ትናንት ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ «እግረኛ ነኝ» የሚባለው ሰው «ከኋላ መጥቶ ሰው ላይ ደወል መደወል ስድብ ነው፤ ብስክሌተኛ ጨዋ ከሆነ ቀስ ብሎ ዝም ብሎ ይለፍ» ብሎ ጽፎ ተኛ። እኔን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ከመገናኛ ወደ ቦሌ እየወረድኩ፣ የብስክሌት ምስል በተሳለበት መስመር ላይ፣ ነጠላ የለበሱ ሦስት ሴቶች ጎን ለጎን ሆነው ከቤተክርስቲያን ይመለሳሉ። አሥር ሜትር ያህል ሲቀረኝ አንዴ ደወልኩ። አንዴ! መካከለኛዋ ዞር ብላ «አህያ ነኝ እንዴ ከኋላ የምትነዳኝ?» አለችኝ። ይቅርታ ልበል ብዬ ፍሬን ስይዝ የኋላ ጎማዬ ተንሸራተተ፤ ተዘረርኩ። ጉልበቴ ተልጧል። እና ደወል ስድብ ከሆነ፣ እስከ ዛሬ አዲስ አበባን ሁሉ ስሰድብ ነው የኖርኩት ማለት ነው።

እግረኛ ነኝ፦ እግዚአብሔር ይማርህ። ግን ሐሳቤን አታጣምም። ስድብ ያልኩት ሲደጋገም ነው። ሚኒባስ ታክሲ ክላክስ ላይ እንደሚተኛው እናንተም ደወሉ ላይ ትተኛላችሁ። እኛ አገር ከኋላ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ ትርጉሙ አንድ ነው፤ «ዞር በል»።

ካቴና በጠሰ፦ «ሲደጋገም» የምትል ቃል ትናንት አልነበረችም። ስክሪንሹት አለኝ፤ ላውጣው?

እግረኛ ነኝ፦ አውጣው። ደግሞ እስቲ ደወሉን በደንብ ስሙት። ምንድን ነው የሚለው? «ቂል ቂል»። ታዲያ ይሄ ስድብ ካልሆነ ምን ይሁን?

ካቴና በጠሰ፦ 😂 እሺ ይቺን ወስደሃል።

የጣና ልጅ፦ ባሕር ዳር ያደገ ሰው ይሄን ክርክር ሲያነብ ይስቃል። እኛ ዘንድ እኮ ደወል ሰላምታ ነው። እህቴን ከኋላ አፈናጥጬ ትምህርት ቤት ሳደርስ መንገድ ላይ ሃያ ሰው ጋ እንደዋወላለን። እናቴ ወጥ ቤት ሆና የእኔን ደወል ከጎረቤት ልጅ ደወል ትለየው ነበር፤ «መጣ» ብላ እንጀራ ታወጣለች። መንገዱን ባጃጅ ከወረሰው ወዲህ ነው ነገር የተበላሸው። የብስክሌት ከተማ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ስለ ደወል ባይፈርድ ጥሩ ነው።

መቀሌ ነኝ፦ ይቅርታ፣ «የብስክሌት ከተማ»?! እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረው ጽጋቡ ግርማይ ከየት የወጣ ልጅ ነው? ከጣና ዳር?

የጣና ልጅ፦ አንድ ሰው ተወዳደረ ማለትና ከተማው በሙሉ በብስክሌት ገበያ ሄደ ማለት ለየቅል ነው።

መቀሌ ነኝ፦ አንድ ሰው?? መቀሌን መጥተህ አይተሃት ታውቃለህ?

ሸገር በእግሯ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ስትፈልግ ትነዳለህ፣ ስትፈልግ ትቆማለህ። እዚህ ከፒያሳ በቸርችል ወደ ለገሀር ስትወርድ «ቀስ ብሎ ይለፍ» የሚለው ምክር ለፍሬንህ ነው የሚነገረው፣ ላንተ አይደለም።

ከአሌክሳንድሪያ፦ እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። ከዋሽንግተን አጠገብ ፖቶማክን ተከትሎ የሚሄድ ማውንት ቨርነን ትሬይል የሚባል መንገድ አለ፤ 18 ማይል፣ ወደ 29 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሯጩም፣ ጋሪ የሚገፋውም፣ ብስክሌተኛውም በዚያችው ጠባብ መንገድ ነው። ሊያልፍህ የሚመጣ ሁሉ «ኦን ዮር ሌፍት!» ይላል፤ በግራህ እያለፍኩ ነው ለማለት። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ይዣት ወጣሁ። አንዱ ከኋላችን «ኦን ዮር ሌፍት» ሲል እማዬ «ሌፍት» የምትለዋን ብቻ ያዘችና ወደ ግራ፣ ልክ ጎማው ፊት። ሰውዬው ሣር ውስጥ ገብቶ ቆመ፤ «ሶሪ ማም» ብሎን ሄደ። «ምን አለኝ?» አለችኝ። «በግራሽ ነኝ አለሽ»። «ታዲያ ወደ ግራ ሄድኩለት እኮ!»

እግረኛ ነኝ፦ ይሄው! እኔ ከዚህ ሌላ ምን አልኩ? አፍም ደወልም ሰው ያስደነግጣል። ዝም ብሎ ይለፍ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ኧረ እኔ እንደዚያ አላልኩም። ሰውዬው ባይናገር ኖሮ እኮ...

ፔዳል 22፦ ባይናገር ኖሮ ዛሬ ታሪኩን በሳቅ አትጽፈውም ነበር። እና ወዳጄ እግረኛ፣ ስድብ ነው ወይስ አይደለም? ትናንት ስድብ ነበር፤ ጠዋት «ሲደጋገም» ሆነ፤ አሁን ደግሞ «ያስደነግጣል» ሆኗል። ማታ ላይ ምን ሊሆን ነው?

እግረኛ ነኝ፦ አንተ እዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥለህ ቀረህ። ውረድ።

ፔዳል 22፦ ጠዋት ወርጃለሁ፤ ጉልበቴን አላየህም።

ፍራንክፈርት ቡና፦ ጀርመን ውስጥ ደወል የሌለው ብስክሌት ሕገወጥ ነው። የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አንቀጽ 44 ላይም ብስክሌት ከሩቅ የሚሰማ ደወል ይኑረው፣ ከደወል ሌላ ድምፅ ማሰሚያም አይኑረው ይላል። እዚህ የብስክሌት መስመር ላይ ቆመህ ስልክ ብታነሳ የሰማንያ ዓመት አሮጊት ናት የምትደውልብህ፤ ቅንድቧንም አታነቃንቅም። ግን ሌላም ነገር አለ። እናትና ልጅ ከላይ፣ ብስክሌት ከታች የተሳለበት ክብ ሰማያዊ ምልክት ያለበት መንገድ ላይ ስትገባ መንገዱ የጋራ ነው። እዚያ ፍጥነትህን በእግረኛው ልክ ታደርጋለህ፤ ካስፈለገም ትቆማለህ። ደወሉ መኖርህን ይነግርልሃል፣ መንገድ አያስጠርግልህም። የእናንተ ጠብ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ አንዱ የሚያወራው ስለ ተለየ መስመር፣ ሌላው ስለ ጋራ መንገድ ነው።

ካቴና በጠሰ፦ ጀርመን፣ ጀርመን። እኛ ጋ የብስክሌቱ መስመር ላይ የፎቶ ፕሮግራም ያላቸው ሙሽሮች ናቸው የሚቆሙት። ቬሎ ለለበሰች ልጅ ምን ብዬ ልደውል?

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔም ከእናንተ መስመር ላይ ከሚሄዱት ነኝ፤ ስደቡኝ። እሑድ እሑድ ልጆች በሰዓት የተከራዩትን፣ ፍሬኑ የላላ ሳይክል ይዘው እግረኛው ጋ ነው የሚገቡት። ሞተረኛው ደግሞ ዕቃ ሊያደርስ በብስክሌቱ መስመር ይበራል። የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ በየት ልሂድ? ቢደወልልኝማ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ደውሎ ፍጥነቱን የማይቀንሰው ነው። ደወልኩ ብሎ ግዴታውን የጨረሰ ይመስለዋል።

ፔዳል 22፦ እህቴ፣ ሞተረኛውን ከእኛ ጋ አትደምሪው። እኛንም ነው የሚገጨን።

የሁለት ልጆች እናት፦ አልደመርኩም። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ግን ዘለልከው።

ጋሽ መምህር፦ ልጆቼ፣ «መንገድ ለሰው» በ2011 ሲጀመር አስፋልቱ ላይ የነበርን እናስታውሳለን። መኪና ተከልክሎ ሕፃኑም ሽማግሌውም ይንቀሳቀስ ነበር፤ ስለ ደወል የተጣላ ሰው ግን አላየሁም። የሚቸኩል ስላልነበረ ነው።

ሸገር በእግሯ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት በወር አንድ እሑድ ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ለመግባት የሚነዳው ልጅ ይቸኩላል።

ነጭ በትር፦ ዓይነ ስውር ነኝ። ይሄን ሁሉ ስልኬ ነው እያነበበ ያሰማኝ፤ «ቂል ቂል» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስደግሜያታለሁ። ወንድሜ እግረኛ፣ «ዝም ብሎ ይለፍ» ያልከው ለሚያይ ሰው ነው። ዝም ብሎ የሚያልፈኝን የማውቀው ነፋሱ ጆሮዬን ሲመታኝ ነው። የኤሌክትሪኮቹማ ጨርሶ ድምፅ የላቸውም። አንድ ጊዜ በትሬ ጎማ ውስጥ ገብቶ ለሁለት ተሰብሯል፤ ልጁ ደንግጦ እጄን ይዞ እስከ ቤቴ አደረሰኝ። ደወሉም ቢሆን አጠገቤ ደርሶ ሲጮህ ልቤ ቀጥ ይላል፤ የቱ ጋ እንዳለም አይለይልኝም። ከሩቅ አንዴ ደውሉ፣ ቀረብ ስትሉ በአፋችሁ «በግራዎ ነኝ» በሉኝ። እኔ እንደ ዋሽንግተኗ እናት ወደ ድምፁ አልሄድም፤ ቀጥ ብዬ ነው የምቆመው።

ከአሌክሳንድሪያ፦ እማዬ ሰላም ብላዎታለች 😄

ካቴና በጠሰ፦ እና ስድቡ ተሰረዘ?

እግረኛ ነኝ፦ ለነጭ በትር ተሰርዟል። ላንተ ባለበት ነው።

ካቴና በጠሰ፦ ልዩነቱ ምንድን ነው? እኔም ከሩቅ አንዴ ነው የምደውለው።

እግረኛ ነኝ፦ እሱ «በሉኝ» ብሎ ጠየቀ። አንተ ጠይቀኸኛል?

ካቴና በጠሰ፦ እየነዳሁ ፎርም ላስሞላህ?

የጣና ልጅ፦ ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ...

መቀሌ ነኝ፦ ተጀመረ።

ፔዳል 22፦ ክርክሩን ቀጥሉ፤ እኔ ሌላ ጉዳይ አለኝ። ጠዋት ስወድቅ ደወሌ ተሰብሯል፤ ክዳኑ ተፈናጥሮ ቦይ ገባ። ደህና፣ የማይዝግ ደወል የሚሸጥበት የምታውቁ?

ሸገር በእግሯ፦ ሶማሌ ተራ ሞክር፤ ካልሆነ የሰፈርህ ጎሚስታ አሮጌ አያጣም።

እግረኛ ነኝ፦ አትቸኩል። እስክታገኝ ድረስ ጨዋ ነህ።