በርሊን ወይስ ሮተርዳም? አብረን ስለምንሄድበት የፊልም ፌስቲቫል

ውድ ጓደኞቼ፣

በቅድሚያ «ካን ካልሆነ የትም አልሄድም» ላለው ወንድማችን ልመልስ። በፈረንሳይ የሚካሄደው የካን ፌስቲቫል በዋናነት የሚዘጋጀው ለፊልም ባለሙያዎችና ለጋዜጠኞች ስለሆነ፣ እንደ እኛ ያለ ተራ ተመልካች ትኬት ገዝቶ የሚገባበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። በስንት ልመና ያገኘነውን የዓመት ፈቃድ ደጅ ቆመን ታዋቂ ሰዎችን በማየት እንድናሳልፈው አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1951 የተጀመረው የበርሊን ፌስቲቫል ግን ለሕዝብ በሚሸጠው ትኬት ብዛት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» ፓኖራማ በተባለው የዚሁ ፌስቲቫል ዘርፍ የተሸለመው በዳኞች ውሳኔ ሳይሆን በተመልካቾች ድምፅ ነበር። በአማርኛ የተሠራ ፊልም በዚያ ብርድ ከቤታቸው ወጥተው በመጡ ሰዎች ድምፅ መመረጡን ባሰብኩ ቁጥር፣ እኛስ ለምን በዚያ አዳራሽ አንገኝም እላለሁ።

«በኋላ በኢንተርኔት እናየዋለን» የሚለውንም ሐሳብ አልቀበልም፤ ከአህጉራችን ወደ ፌስቲቫል ከሚመጡት ፊልሞች ብዙዎቹ አከፋፋይ ስለማያገኙ፣ ያን ዕለት ካላየናቸው ዳግመኛ የምናገኛቸው መሆናችን ያጠራጥራል። ከዚህም ሌላ ፊልሙ እንዳለቀ አዘጋጁ ፊት ለፊት ቆሞ ጥያቄ ሲመልስ መስማት እቤት ተቀምጦ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ትኬት የሚሸጠው ፊልሙ ሊታይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ሆኖ የሚጠብቅ አንድ ሰው እንምረጥ። የግርጌ ጽሑፉ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነም አስቀድሞ ይታይ፤ ጀርመንኛ ገና ያልለመድን አለንና።

እንግሊዝ ያለሽው እህታችን፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለምትጓዢ የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድሽ ብቻውን አያስገባሽም፤ የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም እርስ በርስ ድንበራቸውን የከፈቱት የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ያስፈልግሻል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማቅረብ የሚቻል ሲሆን፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ጉዞው 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። የሚያስቸግረው ግን የቀጠሮው ወረፋ ነውና ከአሁኑ ጀምሪ።

*

ወንድሜ፣ ስለ ቪዛው ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ሁላችንም አንድ ሰው ዘንግተናል። ኔዘርላንድ ያለው ጓደኛችን የጥገኝነት ጥያቄው ገና ውሳኔ ስላላገኘ ካለበት አገር ድንበር መውጣት አይችልም፤ እሱም ሰው ላለማስቸገር ብሎ ይመስለኛል ይህን ሁሉ ስንከራከር አንድም ቃል ያልተናገረው። ባለፈው ዓመት ስለ ፊልም ሌሊቱን ሙሉ ሲያጫውተን የነበረው እሱ አልነበረም እንዴ? እሱን ትተን በርሊን ገብተን ፎቶግራፍ ስንልክለት ይታየኝና ልቤ እሺ አይለኝም። የሮተርዳም ፌስቲቫል ግን እዚያው ኔዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሚካሄድ፣ ከበርሊኑ ጥቂት ቀደም ብሎ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ መጨረሻ ገደማ የሚከፈት ነው። እዚያም ተመልካቹ ላየው ፊልም ነጥብ ይሰጣል፤ ብዙም ያልታወቁና ጀማሪ አዘጋጆችን በማስተዋወቅም ስሙ የተከበረ ነው። ስለዚህ እኛ ወደ እሱ እንሂድ።

*

እህቴ፣ ትክክል ነሽ፤ ይህን ሳላስብ በመቅረቴ አዝኛለሁ። በርሊንን ትቻለሁ። እንግዲህ ማመልከቻሽ የሚቀርበው ለጀርመን ሳይሆን ለኔዘርላንድ ስለሚሆን፣ የያዝሽው ቀጠሮ ካለ ቶሎ አስለውጪ። እኛ ሸንገን ውስጥ የምንኖረው ፓስፖርታችንና የመኖሪያ ካርዳችን ጊዜያቸው አለማለፉን ዛሬውኑ እንመልከት። ለጓደኛችን ዛሬ ማታ እኔ እደውልለታለሁ፤ የምናያቸውን ፊልሞች የሚመርጠው እሱ ይሁን፣ ካን ካን ያለው ወንድማችንም በዚህ አይከራከር።