ማቹ ፒቹን ከእናቴ ጋር፦ ከፍታው ነው ደረጃው የሚያስቸግረው?

እታለም (ጥያቄ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ነሐሴ ላይ እማዬን ይዤ በተራራ ላይ ያለውን የኢንካዎች ጥንታዊ ከተማ ማቹ ፒቹን ለማየት ከአዲስ አበባ ፔሩ ልሄድ ነው። የቪዛው ጉዳይ አልቋል። እማዬ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ሰዉ ሁሉ «ከፍታው አይቻልም» እያለ አስፈራራኝ። ቲኬት እዚያው ይገኛል? በአካባቢውስ ሌላ ምን እንይ? ፍልሰታንም ትጾማለች።

መንገደኛው፦ ለከፍታው አትስጊ። ማቹ ፒቹ 2,430 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ እምብዛም አይለይም። የሚከብደው አውሮፕላኑ የሚያርፍባት ከተማ ኩስኮ ነው፣ 3,400 ሜትር፣ ከእንጦጦም ይበልጣል። ከአውሮፕላን እንደወረዳችሁ በመኪና ዝቅ ወዳለችው ኦያንታይታምቦ ከተማ ሄዳችሁ እደሩ። ባቡሩም ከዚያ ይነሳል፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ተጉዞ ከተራራው ሥር ያለችው አጉዋስ ካሊየንቴስ ያደርሳችኋል። ከዚያ እስከ በሩ አውቶቡስ አለ። በእግር የሚወጣም አለ፣ ለእናትሽ ግን አይሆንም።

የጉለሌዋ፦ ቲኬቱን አሁኑኑ በኢንተርኔት ግዢ። በመግቢያ ሰዓትና ውስጥ በእግር በሚዞሩበት መስመር ተከፋፍሎ ነው የሚሸጠው፣ ነሐሴ ደግሞ ዝናብ ስለሌለ ቱሪስቱ ይጎርፋል። ስማችሁ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ፤ በር ላይ ያመሳክሩታል። የኛን ስም አጻጻፍ ታውቂው የለ! ለጉልበት የሚሻለው መስመር 3 ነው፣ በታችኛው በኩል ይዞራል። ዋይና ፒቹ የሚባለውን ሹል ተራራ ግን እርሺው። ውስጥ ሽንት ቤት ስለሌለ በር ላይ ተጠቀሙ።

ካሜራው፦ እኔ በመስመር 3 አልስማማም። ያ ሁሉም የሚያውቀው ፎቶ ከላይኛው እርከን ነው የሚነሳው፤ እሱን ለማግኘት መስመር 2 ይሻላል። እናትሽ እያረፉ ከወጡ ይችሉታል፣ ጠዋት ግቡ ብቻ።

መንገደኛው፦ ጉልበት ለሚያመው ሰው ከመውጣቱ መውረዱ ይብሳል ወዳጄ። እኔም 3 እላለሁ። በአካባቢው ደግሞ የማራስን የጨው ገንዳዎችና የሞራይን ክብ እርከኖች በመኪና እዩ፣ ብዙ እግር አይፈልጉም። የኦያንታይታምቦ ፍርስራሽ ደረጃው አይጣል ነው፤ ከታች ሆኖ ማየት ይበቃል። ኩስኮ አጠገብ ያለው የኢንካ ፍርስራሽ ሳክሳይዋማን፣ ከፍታውን እስክትለምዱ፣ ለመጨረሻ ቀን ይቆይ። ያለ ጭቃ የተገጣጠሙ ድንጋዮች ናቸው፣ ትልቁ ከ100 ቶን በላይ ይመዝናል ይባላል።

ሾፌሩ፦ ለከፍታ ብለው የኮካ ሻይ ይሰጧችኋል። ሥራ ቦታሽ የሽንት ምርመራ ካለ እንዳትነኪው፣ ኮኬይን ብሎ ያወጣብሻል።

የጉለሌዋ፦ ለጾሙ ሐሳብ አይግባሽ። ድንች፣ በቆሎ፣ ባቄላና አቮካዶ ሞልቷል። ሾርባውን ግን ጠይቂ፤ አትክልት ብቻ መስሎ በሥጋ መረቅ የተሠራ ይሆናል።