በጣና ዳር የሽንት ቤት ጉድጓድ ክረምት ላይ ውሃ እየሞላ ይናዳል፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቁንዝላ አጠገብ፣ ከጣና ዳር ነው፤ ባለቤቴ በዓሣ ማጥመድ ይተዳደራል። በበጋ የቆፈርነው የሽንት ቤት ጉድጓድ ነሐሴ ሲገባ ውሃ እየመነጨበት ይናዳል፣ ቆሻሻውም ወደ ላይ ይንሳፈፋል። የምንጠጣው ከግቢያችን የውሃ ጉድጓድ ስለሆነ ለልጆቼ እሰጋለሁ። ቦታ ለመቀየር አቅም የለንም።

መልስ፣ ከግንበኛ፦ እህቴ፣ በግንቦት የተቆፈረ ጉድጓድ ያታልላል። ጣና በሰኔ አካባቢ ዝቅ ብሎ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ስለሚል፣ በዳርቻው ከመሬት በታች ያለው ውሃም አብሮት ይወጣል። ስለዚህ መስከረም ላይ ትንሽ ጉድጓድ አስቆፍረው ውሃው የሚገኝበትን ጥልቀት ይለኩ፤ ቅርብ ከሆነ መቆፈሩን ትተው ወደ ላይ ይገንቡ። ወለሉና ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ማጠራቀሚያ ከመሬት በላይ ተሠርቶ፣ በደረጃ የሚወጣበት ቤት ከላዩ ይቆማል። ማጠራቀሚያው ለሁለት ቢከፈል፣ አንዱ ሲሞላ ተዘግቶ በሌላው ይጠቀማሉ፤ የተዘጋው ከመዛቁ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ተኩል ይቆይ። በተጠቀሙ ቁጥር አመድ ይነስንሱበት፤ የገላና የልብስ እጣቢ ግን አይግባበት።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲሚንቶው ባይሟላልን በጭቃ ብንሠራውስ?

መልስ፣ ከግንበኛው፦ የላይኛው ቤት በባሕር ዛፍና በጭቃ ቢሠራ ምንም አይደለም። ማጠራቀሚያው ላይ ግን አይቆጥቡ፤ ጭቃ ውሃ ሲነካው ይሟሟል።

መልስ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦ አዲሱ ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከእርሱም በታች በኩል ይሁን። እስከዚያው ድረስ የሚጠጣውን ውሃ ሁሉ ያፍሉት፤ ጉድጓዱ አንዴ በጎርፍ ከተነካ ጥራቱን በዓይን ማወቅ አይቻልም። የሽንት ቤቱን ቀዳዳ ይክደኑ፤ ትራኮማን የሚያዛምተው ዝንብ በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ይራባልና የሕፃናቱም ዓይነ ምድር እዚያው ይደፋ። የዓሣውን አንጀትም ከቤት ራቅ አድርገው ይቅበሩት።

መልስ፣ ከዘጌ፣ ዓሣ አጥማጅ፦ እኅታችን፣ በትል ስለሚመጣው በሽታ፣ ስለ ቢልሃርዚያም ይታሰብ። ትሉ ዕንቁላሉን በሰው ዓይነ ምድር ወደ ሐይቁ ይልካል፤ በቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ ውሃ ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። እኛ መረብ ስንጎትት ከውሃው ማምለጥ አንችልም፤ ልጆች ግን ዳር ላይ ባይዋኙ፣ ለገላ የሚቀዳውም ውሃ ሁለት ቀን በዕቃ ውስጥ ተከድኖ ቢያድር ይሻላል። ባለቤትዎ በታንኳ ሲውሉ ክዳን ያለው ባልዲ ይያዙና ማታ ሽንት ቤቱ ውስጥ ይድፉት፤ ጤና ጣቢያም ሄደው ይመርመሩ፤ በሽታው ከተገኘባቸው መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይሰጣቸዋል።