ካሜራው ሲመሽ ለምን ይጠፋል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች እስኪ እርዱኝ፣ አያት አካባቢ አንድ ህንጻ ላይ 12 ካሜራ ሰቅለን ቀን ቀን ምንም አይሉም፣ ልክ ሲመሽ ግን የግቢው በር ላይ ያሉት ሁለቱ እየጠፉ ይመለሳሉ። የኔትወርክ ኬብሉ ካት 6 ነው፣ ካሜራዎቹን ከሚያገናኘው ስዊች እስከ በሩ 85 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ስዊቹን ቀየርኩት፣ ያው ነው። ባለቤቱ በየቀኑ ይደውላል፣ በጣም ጨንቆኛል።

መልስ፦ ወንድሜ ማታ ኢንፍራሬዱ፣ ማለት ካሜራው በጨለማ የሚያይበት መብራት፣ ሲበራ ካሜራው ብዙ ፓወር ይስባል፣ ፒኦኢ (ፓወር በኔትወርክ ኬብል) ደግሞ ፓወሩን ዳታው በሚሄድበት በዛው ቀጭን ሽቦ ነው የሚልከው። አንዷን ሽቦ ላጥና በምላጭ ፋቅ ፋቅ አርጋት፣ ውስጧ ነጭ ከሆነች መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። እኔም በርካሽ ገዝቼ የሙሉ ፎቅ ኬብል እንደገና ስቤያለሁ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። አሉሚኒየም ሬዚስታንሱ ከፍ ስለሚል ርቀት ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል የሚባለው ለንጹህ መዳብ ነው።

ሌላ መልስ፦ እሱ ልክ ነው። በሩ ላይ ማግኔቲክ ሎክ (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚቆልፍ) ካለም የሱን 12 ቮልት በኔትወርክ ኬብል እንዳትወስደው፣ ወፈር ያለ ሽቦ ለብቻው ሳብለት። ኔትወርክ ኬብሉን ከ220 ቮልት የመብራት መስመር ጋርም አንድ ቱቦ ውስጥ አታስገባ።

ጠያቂ፦ አሁን ፋቅኳት፣ ነጭ ናት። ቅዳሜ ሁለቱን መስመር በንጹህ መዳብ እቀይራለሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ።