ለአሮጌ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ጠጋኝ ምረጡልኝ (አዳማ)

ጥያቄ፦ የፍራንኮው
ሰላም ወገኖች። ከአባቴ የወረስኩት ካሊበር 12፣ ጎን ለጎን ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ አለኝ። ፈቃዱ በስሜ ዞሯል። የቤልጅግ ሥራ ነው፤ መዶሻዎቹ በውጭ በኩል ናቸው፤ በርሜሉ ሥር ሞላላ ማኅተም፣ ከላዩ ዘውድ፣ ውስጡ ኢኤልጂ የሚሉ ፊደላት አሉ። ጥቁረቱ ለቋል፣ ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል፣ ሲዘጋም ትንሽ ይላወሳል።

ሁለት ሰው አነጋግሬያለሁ። አንዱ እዚሁ አዳማ ቶርኖ ቤት ያለው ነው፤ "የፈላ መድኃኒት ውስጥ ነክሬ በሳምንት አዲስ አስመስለዋለሁ፤ ከፈለግክ አፉን ቆርጬ አሳጥርልሃለሁ" ይላል። ሌላው አዲስ አበባ ነው፤ ሳላየው ዋጋ አልናገርም ብሏል፣ ቀጠሮውም የወራት ነው። ለማን ልስጥ? ምን ብዬስ ልጠይቃቸው?

መልስ፦ ሞርሳ
ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ወድቋል።

ጎን ለጎን ያሉት በርሜሎች ከላይና ከታች ካሉት ረጃጅም ላሜራዎች ጋር አብዛኛውን ጊዜ የተያያዙት በስታኞ (ቀልጦ ብረትን ከብረት በሚያጣብቅ ለስላሳ ብረት) ነው። የፈላ መድኃኒት የሚሉት ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት ነው፤ 140 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሙቀቱ ስታኞውን አያቀልጠውም፤ የሚበላው ኮስቲኩ ነው። የከፋው ደግሞ በላሜራውና በበርሜሎቹ መሃል ባለው ባዶ ቦታ የሚገባው ጨው ነው፤ ታጥቦ አይወጣም። ዕቃው ሲሰጥህ ያብረቀርቃል፤ ከጊዜ በኋላ ላሜራው ይነሳል፣ ከሥሩም ዝገት ይፈስሳል።

ለእንዲህ ዓይነቱ በርሜል ትክክለኛው ማጥቆሪያ የዝገት ማጥቆሪያ ነው። በ320 ከዚያም በ400 ካርታ ቬትራ በርዝመቱ ይሳላል፣ ቅባቱ ሙልጭ ተደርጎ ይወጣል፣ አፎቹ ይደፈናሉ። ማዛገቢያው በስሱ ይቀባና እርጥበት ባለው ሳጥን ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣል። ቀዩ ዝገት ሲወጣ በተጣራ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀቀላል፤ ያኔ ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል። ላዩ ላይ የቀረው ልፋጭ ዘይት በሌለው ቀጭን የብረት ሱፍ ይጠረጋል። ይህ ሁሉ ከ6 እስከ 10 ጊዜ ይደጋገማል። የአዳማ አየር ደረቅ ስለሆነ ያለ እርጥበት ሳጥን ዝገቱ ዥንጉርጉር ነው የሚወጣው። የቧንቧ ውኃ ከተጠቀሙ ደግሞ የማዕድኑ ነጠብጣብ ብረቱ ላይ ይቀራል። "በስንት ዙር ታጠቁራለህ? በምን ውኃ ትቀቅላለህ?" ብለህ ጠይቅ። መልስ ያጣ ሰው ሠርቶት አያውቅም።

አፉን መቁረጥ የሚባለውን አትስማው። ጥይቱ እንዳይበተን የሚያደርገው የአፉ ጥበት መጨረሻዎቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ላይ ነው፤ ከተቆረጠ ሄደ። በርሜሎቹ ወደ ፊት እየተጠጋጉ የሚሄዱትም ሁለቱ አንድ ቦታ እንዲመቱ ነው፤ ስታሳጥረው የሚመቱበት ቦታ ይዛባል፣ አፉ ላይ ያለው ክፍተትም ሰፍቶ በስታኞ መደፈን ሊኖርበት ነው።

መልስ፦ ካሊፐር
ሞርሳ ያለው ልክ ነው፤ እኔ ግን ከማጥቆሩ በፊት በርሜሉ ለምን እንደሚሆን ይታወቅ ባይ ነኝ። ማን ይሥራው የሚለው የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።

ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። በርሜሉን ከሰደፉ ለያይተህ፣ የፊት እንጨቱንም አውጥተህ፣ ከሥሩ ባለው መንጠቆ በገመድ አንጠልጥለው። በእንጨት እርሳስ ቀስ ብለህ ምታው። እንደ ደወል ረዘም አድርጎ ከጮኸ ላሜራዎቹ ጥብቅ ናቸው። ከነዘረ ወይም ወዲያው ከሞተ አንድ ቦታ ስታኞው ለቋል።

ቀጥሎ ማኅተሞቹ። ኢኤልጂ የቤልጅጓ ከተማ የሊዬዥ የጠመንጃ መፈተሻ ቤት ምልክት ነው። ከእሱ ሌላ አንበሳ ከሥሩም ፒቪ የሚል ካለ ጭስ አልባ ባሩድ ተፈትኖበታል። ከሌለ የተፈተነው በጥቁር ባሩድ ብቻ ነው ብለህ ያዝ። የጥይት ማረፊያውንም ርዝመት እይ፤ አሮጌዎቹ ብዙ ጊዜ 65 ሚሊ ናቸው፣ ዛሬ የሚሸጠው ቀለህ 70 ነው። 70ው 65ቱ ውስጥ ገብቶ ይዘጋል፣ ችግሩም እሱ ነው፤ ሲተኮስ የታጠፈው አፉ የሚዘረጋው ጠባቡ ጉሮሮ ላይ ስለሆነ ግፊቱ ይጨምራል። "ማረፊያውን ወደ 70 ላስረዝመው" የሚል ጠጋኝ ካጋጠመህ ግድግዳውን እያሳሳልህ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደገና በመፈተሻ ቤት ማለፍ አለበት፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የሲአይፒ (የጠመንጃ ፍተሻን የሚመራው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን) አባል አይደለችም።

የግድግዳው ውፍረት የሚለካው ከውስጥና ከውጭ በሚይዝ ልዩ መለኪያ ነው፤ ተራ ካሊፐር አፉን እንጂ መሃሉን አይደርስበትም። ብዙ ባለሙያዎች ከ0.5 ሚሊ በታች የወረደውን ለተኩስ አይቀበሉም። ውስጡ የዝገት ጉድጓድ ካለው "ቦርሼ አጠራዋለሁ" የሚሉህ ይህንኑ ግድግዳ ነው የሚቀንሱት።

መልስ፦ ሞርሳ
መላወሱን ረስቼው ነበር። የፊት እንጨቱን አውጥተህ ዝጋውና በርሜሉን ወደ ግራና ቀኝ ግፋው። ከተንቀሳቀሰ የማጠፊያው ፔርኖ ወይም እሱን የሚያቅፈው መንጠቆ ተበልቷል። ደህናው ሰው መንጠቆውን በጥላሸት ቀብቶ የት እንደሚነካ ያይና ወይ ወፈር ያለ ፔርኖ ይሠራለታል፣ ወይም መንጠቆውን ሞልቶ በሞረድ ያስተካክላል። መጥፎው በፑንቶ ይደበድበዋል ወይም ከቆርቆሮ ቁራጭ ሽፋን ያስገባል፤ ለጊዜው ይጠብቃል፣ ከዚያ ድሮ ከነበረው ይብሳል።

ጠጋኝን በብሎን ልታውቀው ትችላለህ። ሠርቶ የጨረሰውን ሌላ መሣሪያ እንዲያሳይህ ጠይቅና የብሎኖቹን ራስ እይ። የድሮዎቹ ስንጥቅ በጣም ቀጭን ነው፤ ለእያንዳንዱ ተስሎ የተዘጋጀ ካቻቢቴ ይፈልጋል። ጠርዛቸው የተላጠ ከሆነ የቀረውን አትመልከት።

መልስ፦ ዋንዛ
ስለ እንጨቱ እኔ ልናገር። የአንገት ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዘይት ነው፤ መሣሪያው ቆሞ ሲቀመጥ የብረቱ ዘይት ወደ እንጨቱ ራስ ይወርድና ያለሰልሰዋል። ዘይቱ ሳይወጣ ኮላ አይዝም። የጠመኔ ዱቄት በአሴቶን ለውሶ መለቅለቅ፣ ሲደርቅ መጥረግ፣ ዱቄቱ ነጭ ሆኖ እስኪቀር መደጋገም። ደጅ ይሠራ፣ እሳት አይቅረብ። ከዚያ ስንጥቁ በቀጭን ሽብልቅ ተከፍቶ ቀጠን ያለ ኢፖክሲ ይገባና ይታሰራል፤ ካስፈለገ ከውስጥ በኩል የነሐስ ፔርኖ።

አዲስ ሰደፍ በዋንዛ እንሥራልህ ካሉህ እምቢ በል። ለሣጥንና ለጠረጴዛ ወደር የለውም፤ ለመሣሪያ ግን ለስላሳ ነው፣ ብረቱ የሚያርፍበት ቦታ ይደቀቃል። ያለህን አድን። በካርታ ቬትራ ሲያለሰልሱት ደግሞ እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ እንዳይል፤ አንዴ ዝቅ ካለ አይመለስም። ቫርኒሽ አይቀባ። የተቀቀለ የተልባ ዘይት በመዳፍ እየታሸ፣ በጣም ስስ፣ በየመሃሉ እየደረቀ። ዘይቱን የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ አይጣል፤ በራሱ ግሎ እሳት ያስነሳል። ዘርግታችሁ አድርቁት።

መልስ፦ አዋጁን እዩ
አጭር ነገር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መያዙንም መጠገኑንም በፈቃድ ያደረገ ነው። ቶርኖ ቤት የንግድ ፈቃድ ስላለው መሣሪያ ይጠግናል ማለት አይደለም። የጥገና ፈቃዱን በዓይንህ እይ። አዲስ አበባ ከመውሰድህ በፊትም እዚያው አዳማ ፖሊስ ጠይቅ፤ መንገድ ላይ ለፍተሻ ማስረዳት ከባድ ነው። ስታስረክብ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበል፤ ሲሳል ቁጥሩም ማኅተሞቹም እንዳይፋቁ በጽሑፍ ይግባ።

የፍራንኮው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባዶ መሆኑን አይቼ አንጠልጥዬ መታሁት፤ ጥርት ብሎ ይጮኻል። አንበሳም ፒቪም የለውም። ማረፊያው 65 ነው። ሥሩን በጨርቅ ሳጸዳው ግን ብረቱ ላይ እንደ ተጠማዘዘ ክር ዓይነት መስመር ታየኝ። ዝገት ነው?

መልስ፦ ካሊፐር
ዝገት አይደለም፤ ደማስቆ በርሜል ነው። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች አብረው ተጠምዝዘው፣ ዘንግ ላይ ተጠምጥመው በእሳት የተበየዱ ናቸው፤ የምታየው መስመር የእነሱ ነው። ብየዳው መሃል የተያዘ ዝገት ወይም ክፍተት ቢኖር ከውጭ አይታይም። የፒቪ ማኅተም ስለሌለው ሱቅ ያለው ጥይት አይገባበትም፣ አንድም ቢሆን። ማስታወሻ አድርገህ አሠራው።

መልስ፦ ሞርሳ
እንዲያ ከሆነ ሥራው ቀለለ፣ ወጪውም። ማጠፊያውን ማጥበቅ አያስፈልግህም። ጥቁርም አይሁን፤ ደማስቆ ቡናማ ተደርጎ፣ በቀላል አሲድ ተነክቶ መስመሩ ሲወጣ ነው የሚያምረው። የአዲስ አበባውን "ደማስቆ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ?" በለው። ቡናማ ካለህ ስጠው። አጥቁሬ አበራዋለሁ ካለህ ሰደፉን ብቻ ጥሩ አናጢ ዘንድ አስጠግን፣ በርሜሉን በዘይት ጥረግና እንዳለ ተወው።

መልስ፦ ዋንዛ
ሰደፉን ብቻ ካሠራህ ለአናጢው እንጨቱን ፈትተህ ስጠው፤ ብረቱ ቤትህ ይቅር። ስታስቀምጠውም አፉን ወደ ታች አድርገህ አቁመው፣ ዘይቱ ወደ እንጨቱ እንዳይወርድ።