ሰሌዳ ላይ ሲሠራ ይገባኛል፣ ብቻዬን ስቀመጥ ግን ባዶ ወረቀት

የማትተኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሒሳብ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። አምና ደህና ነበርኩ፣ ካልኩለስ ላይ ዴሪቬቲቭ አውጡ፣ ኢንቲግራል ሥሩ ሲሉን ብዙም አልከበደኝም። ዘንድሮ ሪል አናሊሲስ ጀመርን፣ ካልኩለስ ለምን እንደሚሠራ የሚያረጋግጠውን ኮርስ፣ እኔም አለቀልኝ። አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ፕሩፍ (ማረጋገጫ) ሲሠራ መስመር በመስመር እከተላለሁ፣ አንገቴን እነቀንቃለሁ፣ እውነት ይገባኛል። ዶርም ተመልሼ ያንኑ ልሥራው ስል የመጀመሪያዋን መስመር እንኳ መጻፍ ያቅተኛል። ለምሳሌ ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ የኤክስ ስኩዌር ሊሚት 9 መሆኑን በኢፕሲሎንና በዴልታ አሳዩ ተባልን፣ ኢፕሲሎን ውጤቱ ከ9 እንዲርቅ የሚፈቀደው ልክ፣ ዴልታ ደግሞ ኤክስ ከ3 እንዲርቅ የምንፈቅደው ልክ ነው። የደብተሬ መልስ የሚጀምረው "ዴልታ ከ1 እና ከኢፕሲሎን ሰባተኛ ትንሹ ይሁን" ብሎ ነው። ይቺ 7 ከየት ነው የመጣችው? ሰው ቁጭ ብሎ እንዴት 7ን ያስባታል? ለሚድ ሸምድጄ ገባሁ፣ ቁጥሩን ቀይረው አመጡት፣ ምን እንደጻፍኩ እኔም አላውቅም። ደግሞ ዶርማችን እስከ እኩለ ሌሊት ጫጫታ ነው፣ የማጠናው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው፣ ጠዋት ክላስ ላይ ዓይኔ አይገለጥም። ዲፓርትመንት ልቀይር ወይ?

ሦስተኛ ዓመት፦
እህቴ፣ 7ቷን ማንም ቁጭ ብሎ አላሰባትም! ከኋላ ነው የመጣችው። አስተማሪው ጭረቱን፣ ማለት የሙከራ ሥራውን፣ ሌላ ወረቀት ላይ ጨርሶ ነው ሰሌዳው ላይ ንጹሑን የሚጽፍላችሁ፣ እኔም አንደኛ ሴሚስተር ሙሉ በዚህ ተታልያለሁ። የምትፈልጊው በኤክስ ስኩዌርና በ9 መካከል ያለው ልዩነት ከኢፕሲሎን እንዲያንስ ነው። ፋክተር አድርጊው። ኤክስ ሲቀነስ 3፣ በኤክስ ሲደመር 3 ይባዛል። የመጀመሪያው በዴልታ እጅ ነው፣ እሱ አያሳስብም። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው፣ ኤክስ እንደልቡ ከሄደ እሱም እንደልቡ ያድጋል። ስለዚህ እሰሪው፣ "ከ3 ከ1 በላይ አልርቅም" በይ። ያኔ ኤክስ በ2 እና በ4 መካከል ነው፣ 3 ሲደመርበት በ5 እና በ7 መካከል። አየሻት? ልዩነቱ ሁልጊዜ ከዴልታ 7 እጥፍ ያንሳል፣ ዴልታን ከኢፕሲሎን ሰባተኛ አታስበልጪ፣ አለቀ። 1ዱም ቢሆን የተለየ ነገር የለውም፣ ግማሽ ብትመርጪ ኖሮ በ7 ፋንታ 6.5 ይመጣልሽ ነበር። ሁለት ወረቀት ይኑርሽ፣ አንዱ የጭረት፣ አንዱ የንጹሕ። የጭረቱን አትጣይው፣ ለፈተና የሚጠቅምሽ እሱ ነው።

ቾክ በእጄ፦
የማስተምረው ይህንኑ ኮርስ ነው። ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ተማሪዎቼ ከ7ቷ በፊት የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ፣ እሱም የቃላት ቅደም ተከተል ነው። "እያንዳንዱ ክፍል የሚከፍተው ቁልፍ አለው" እና "ሁሉንም ክፍል የሚከፍት አንድ ቁልፍ አለ" አንድ አይደሉም አይደል? ዴልታም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ኢፕሲሎን ይሰጥሻል፣ ከዚያ ለእሱ የሚሆን ዴልታ ትፈልጊለታለሽ። ኢፕሲሎን ሲቀየር ዴልታም ይቀየራል። ዴፊኒሽኑን በራስሽ አነጋገር ለሰው ማስረዳት ካልቻልሽ ፕሩፍ ላይ አትድከሚ።

ደግሞ ከበደኝ ብለሽ አትፈሪ። ኒውተንና ላይብኒዝ ካልኩለስን የሠሩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ያለዚህ የኢፕሲሎን ዴፊኒሽን። ጉዳዩ መልክ የያዘው በ19ኛው ነው፣ በሒሳብ ሊቃውንቱ በቦልዛኖ፣ በካውቺ፣ በመጨረሻም በዋይርሽትራስ እጅ። ካውቺ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1821 ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ ላይ ኮንቲኒዩየስ (ግራፋቸው የማይቆረጥ) ፈንክሽኖች ማለቂያ በሌለው ብዛት ሲደመሩ ድምሩ ኮንቨርጅ ካደረገ (ወደ አንድ ውጤት ከተጠጋ) እሱም ኮንቲኒዩየስ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በ1826 ሌላው የሒሳብ ሊቅ አቤል የማይሠራበትን ምሳሌ አወጣ። ችግሩ ምን ነበር ብትይ ይኸው የቅደም ተከተል ነገር ነው፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ የየራሱ ቁልፍ መኖሩን ለሁሉም አንድ ቁልፍ እንዳለ መቁጠር። ካውቺን ያሳሳተ ነገር አንቺን አንድ ሚድ ቢያሳስትሽ ምን ይገርማል።

አጠናንሽንም ቀይሪ። ፕሩፉን አንብቢ፣ ደብተሩን ዝጊ፣ ከባዶ ጻፊው። ስትቆሚ አንድ መስመር ብቻ አይተሽ መልሰሽ ዝጊ። ያስጠላል፣ አውቃለሁ። ደብተር ገልጦ አስር ጊዜ ከማንበብ ግን ይሻላል። በግሩፕ ማጥናት የሚባለውን ደግሞ ብዙም አላምንበትም፣ አንዱ ይሠራል ሌላው ይገለብጣል።

ታችኛው አልጋ፦
መምህር፣ ግሩፕ ላይስ አልስማማም። ሰባት ስምንት ሰው ከሆነ እርስዎ እንዳሉት ነው፣ ወሬ ነው። እኛ ሦስት ነን፣ ሕጋችንም አንድ ነው፣ ሰሌዳው ጋ የሚቆመው ያልገባው ሰው ነው። የገባው ቁጭ ብሎ "ለምን?" እያለ ያደርቀዋል። ሊኒየር አልጄብራን ያለፍኩት እንደዚያ ነው።

የማትተኛዋ፣ ስምሽን ቀይሪ በመጀመሪያ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሠራሽው ፕሩፍ ጠዋት ሲታይ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ሰዓት ተቸንክሬ ትቼው ተኝቼ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ የመጣልኝ ጊዜ አለ። ማታ ዶርሙ ሲንጫጫ እንደ አሳይመንትሽን በንጹሕ መገልበጥ ያለ ጭንቅላት የማይፈልግ ሥራ ሥሪ፣ ፕሩፉን በክላስ መሀል ባሉት ክፍት ሰዓቶች ላይብረሪ ገብተሽ። ዲፓርትመንት ስለመቀየር ደግሞ ሚድ በተመለሰ ሳምንት አይወሰንም፣ ሰው ሁሉ ያን ሳምንት ሊቀይር ይፈልጋል።

የማትተኛዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደብተሬን ዘግቼ ቁጥሩን በ5 ቀይሬ ሞከርኩት። ኤክስ በ4 እና በ6 መካከል፣ 5 ሲደመር በ9 እና በ11 መካከል። 11 መጣች! ዴልታ ከ1 እና ከኢፕሲሎን አስራ አንደኛ ትንሹ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ አንዴ ዴልታን ኤክስ ያለበት አድርጌ ጻፍኩትና መምህሩ ስለ ቁልፉ ያሉት ትዝ አለኝ። ኪዩብ ሲሆንስ ብዬ ጀምሬ ነበር፣ ፋክተሩ ረዘመብኝ። ለነገ አቆየሁት፣ ልተኛ ነው።