ልጄን ተቅማጥ ይዞታል፤ ለምለሙን (የኦ.አር.ኤስ ዱቄቱን) በግማሽ ሊትር ውሃ ልበጥብጠው?

የፒያሳዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ1 ዓመት ከ4 ወር ልጄን ከትናንት ጀምሮ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይዞታል። ደም የለውም፤ ሁለቴ አስመልሶታል። ለምለምና ዚንክ ገዝቻለሁ። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ወፈር አድርጌ ብበጠብጠው ቶሎ ያሽለዋል? አክስቴ ደግሞ «ጥርሱ ነው፣ ግግ አስወጪለት» ትላለች።

ፋርማሲስት ከአራዳ፦
ኧረ አታወፍሪው! ከረጢቱ ላይ 1 ሊትር የሚል ከሆነ ሁለት ባለግማሽ ሊትር ሃይላንድ ንጹህ ጆግ ውስጥ ገልብጪና ሙሉውን ዱቄት ጨምሪበት። ከወፈረ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡ ይብሳል፣ በደም ውስጥ ያለው ጨውም ከልክ ያልፋል። ስኳር አትጨምሪ፣ ከበጠበጥሽው በኋላ አታፍዪው፣ 24 ሰዓት ካለፈው ድፊው።

ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ስጪው፤ በጡጦ ሳይሆን በሲኒና በማንኪያ፣ ቀስ እያልሽ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀሽ እንደገና ጀምሪ። ለምለም የወጣውን ውሃ ይተካል እንጂ ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም፤ «አልሠራም» ብለሽ እንዳትተዪው። ዚንኩ 20 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንዴ፣ 10 ቀን ነው። ፍሬውን በማንኪያ ውሃ ወይም በጡትሽ ወተት አሟሚው። ተቅማጡ ቢቆምም ጨርሺው።

የጤና ጣቢያ ነርስ፦
አክስትሽ ክፋት የላቸውም፤ ግግ ግን በፍጹም! ድድ ተሰንጥቆ ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ ከሥር ያለው ጥርስም ይበላሻል። በዚህ ዕድሜ ያገኘውን ሁሉ አፉ ስለሚከት ነው ተቅማጥ የሚበዛው። ጡት አታቋርጪ፤ አጥሚቱንም ሆነ የለመደውን ምግብ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ስጪው። ለስላሳና ጣፋጭ ጭማቂ ይቅርበት።

የሆዱን ቆዳ ቆንጥጠሽ ስትለቂው ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደነዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሽንቱ ከጠፋ ወይም ደም ካየሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳታድሪ ወደ ጤና ተቋም ውሰጂው።

የፒያሳዋ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቤት የተረፈ ፍላጅል ሽሮፕ አለ፤ ልጨምርለት?

ፋርማሲስት ከአራዳ፦
አይ። ደም የሌለው እንዲህ ያለ ተቅማጥ በአብዛኛው ቫይረስ ነው፤ ፍላጅል ምንም አይሠራለትም፣ ማቅለሽለሹን ያብስበታል እንጂ። ተከፍቶ የቆየ ሽሮፕ ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም። ይልቅ ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ጀሪካን ታጠራቅሚ ይሆናል፤ ለልጁ የሚጠጣውን አፍልተሽ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ለብቻው አስቀምጪ። ኩባያ እየነከርሽ አትቅጂ፣ ጀሪካኑን አዘንብለሽ ቅጂ። ዳይፐር ከቀየርሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና።